የክራንቤሪና የበለስ ሶስ በቤት ለመሥራት፦ ትኩስ፣ ፍሪዘር የገባ ወይስ ደረቅ?

ክራንቤሪን (ትንሽ፣ ቀይና ጎምዛዛ ፍሬ) ከበለስ ጋር አንድ ድስት ውስጥ አብስሎ ሶስ ማውጣት ከባድ ሥራ አይደለም። ከባዱ ምርጫው ነው። ክራንቤሪው ትኩስ ይሁን፣ ፍሪዘር የገባ ወይስ ደረቅ? በለሱስ? ስኳር ወይስ ማር? ውሃ ወይስ የብርቱካን ጭማቂ? ምድጃ ላይ ወይስ ኦቨን ውስጥ? አንዱ አሠራር አንድ ሙሉ ኩባያ ስኳር ይላል፣ ሌላው ግማሹን። አንዱ በለሱን ቀድሞ ያስገባል፣ ሌላው መጨረሻ ላይ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የተለያየ ዓይነት ፍሬ ይዘው ስለተነሱ ነው የማይስማሙት።

ስለዚህ ምርጫውን ከፍሬዎቹ ጀምሩ። ክራንቤሪው በምን መልክ ገባ? በለሱስ በምን መልክ? እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ የስኳሩ መጠን፣ የፈሳሹ መጠንና የማብሰያው ሰዓት ራሳቸውን ችለው ይከተላሉ። ቅመሙና ማጣፈጫው የመጨረሻ ጌጥ ናቸው። ብዙ ሰው ግን ከቅመሙ ይጀምርና ሶሱ ሲቀጥን ወይም ሲመር ግራ ይጋባል።

እዚህ ላይ በለስ የምለው የዛፉን ፍሬ ነው፤ ቆዳው ስስ፣ ውስጡ በጥቃቅን ዘር የተሞላውን። የእሾሃሙ ቁልቋል ፍሬ ሌላ ነው፤ ከታች ያሉት መጠኖች ለእሱ አይሠሩም።

## መጀመሪያ መመዘኛው

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ። እኔ አምስት ነገር አያለሁ።

አንደኛው አረጋጉ ነው። ሶሱ ያለ ስታርች፣ ያለ ጄላቲን፣ በራሱ ይወፍራል ወይ? ሁለተኛው የጣዕሙ ሚዛን ነው፤ ጎምዛዛው ጣፋጩን ይቆርጠዋል ወይስ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል? ሦስተኛው ጊዜና ድካም። አራተኛው መገኘቱ፤ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል ወይስ ወቅት ይጠብቃል? አምስተኛው ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለመረዳት ሁለቱ ፍሬዎች ድስቱ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ይጠቅማል። ክራንቤሪ ከሎሚ ጭማቂ ብዙም የማይርቅ አሲድ ያለው ፍሬ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2.5 አካባቢ ነው። 100 ግራም ጥሬ ክራንቤሪ ውስጥ ያለው ስኳር ደግሞ ወደ 4 ግራም ብቻ ነው። ለዚህ ነው ጥሬውን የበላ ሰው ፊቱን የሚያኮሳትረው። ከዚህ ሌላ በፔክቲን የበለጸገ ነው። ፔክቲን ጃምን ጃም የሚያደርገው፣ የሚያረጋው ነገር ነው። እሱ እንዲይዝ አሲድና ስኳር ይፈልጋል። አሲዱን ክራንቤሪው ራሱ ይዞ ይመጣል፤ እናንተ የምትጨምሩት ስኳሩን ብቻ ነው።

በለስ የዚህ ተቃራኒ ነው። አሲዱ በጣም ትንሽ ነው። ስኳሩ ግን ብዙ ነው፤ በትኩሱ 100 ግራም ውስጥ ወደ 16 ግራም፣ በደረቁ ውስጥ ወደ 48 ግራም። ለብቻው ሲበስል ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል፣ የሚያነቃው ነገር የለም። ከክራንቤሪ ጋር ሲገናኝ ግን ሶሱ ሥጋ ያወጣል፤ አፍ ውስጥ የሚታኘክ፣ ዘሩ ለጥርስ የሚሰማ ነገር ይሆናል።

እንግዲህ የሚያረጋው፣ የሚያቀላውና የሚያጎመዝዘው ክራንቤሪው ነው። የሚያጣፍጠውና የሚያወፍረው በለሱ ነው። የሚከተለው ንጽጽር በሙሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

## ክራንቤሪው

ትኩስ። ክራንቤሪ የሰሜን አሜሪካ ተክል ነው፤ እዚያ የሚሰበሰበው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ ትኩሱ በብዛት የሚገኘው በዚያ ሰሞን ነው። ጥሩው ፍሬ ጠንካራና አብረቅራቂ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲጥሉት ይነጥራል። ለስላሳ የሆነውን፣ የተጨማደደውንና የሚያንጠባጥበውን ለቅማችሁ ጣሉ። ነጣ ያለ ፍሬ ቢገኝ አይጎዳም፤ ቀለሙ ብቻ ይቀንሳል። ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ መቻኮል አያስፈልግም።

ፍሪዘር የገባ። ለሶስ ከትኩሱ አያንስም። ይህን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው «ትኩስ ካልሆነ» እያለ ወቅቱ ሲያልፍ ሐሳቡን ይተወዋል። ክራንቤሪ ሲበስል የግድ መፈንዳት አለበት። ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ የፍሬው ሕዋስ ግድግዳ ቀድሞ ይሰነጣጠቃል፤ ድስት ውስጥ ሲገባ እንዲያውም ቶሎ ይፈነዳል። ማቅለጥ አያስፈልግም። ታጥቦ እንዳለ ይገባል፤ ድስቱ ተመልሶ እስኪፈላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨመራል፣ በቃ። በመመዘኛዎቻችን ሁሉ ከትኩሱ እኩል ነው፣ በመገኘት ደግሞ ይበልጠዋል። ትኩስ ስታገኙ ተጨማሪ ገዝታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለአንድ ዓመት ያህል ይቆያል።

ደረቅ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ደረቅ ክራንቤሪ በብዛት የሚሸጠው ስኳር ጠጥቶ ነው፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው። አሲዱ ደክሟል፣ ቆዳው ጠንክሯል። ውሃ ውስጥ ሲበስል ያብጣል እንጂ አይፈነዳም፣ ፈሳሹንም አያረጋውም። ስለዚህ ትኩሱን ይተካል ብላችሁ አትጠብቁ። ተጨማሪ አድርጎ ማስገባት ግን ያምራል። 50 ግራም ያህል ደረቅ ክራንቤሪ በተለመደው ሶስ ላይ ከጨመራችሁ ከስኳሩ 30 ግራም ቀንሱ።

በእጃችሁ ያለው ደረቁ ብቻ ከሆነስ? አንድ መንገድ አለ። አንድ ጎምዛዛ አረንጓዴ ፖም ከነልጣጩ ፈቅፍቃችሁ ጨምሩ፤ ፖም ፔክቲን አለው። የሁለት ሎሚ ጭማቂ አክሉበት። ስኳር ጭራሽ አታስገቡ። የሚወጣው ሶስ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጣዕሙ ለስለስ ያለ ይሆናል። ይበላል፤ ከክራንቤሪ ሶስ ይልቅ ግን ወደ ፖም ማርማላታ የቀረበ ነው።

የተዘጋጀ የጣሳ ክራንቤሪ ሶስ። ጊዜ ለሌለው ሰው አንድ አማራጭ ነው። ስኳሩም አረጋጉም ያለቀለት ስለሆነ የቀራችሁ የራሰና የተከተፈ ደረቅ በለስ፣ የተፋቀ የብርቱካን ልጣጭና ትንሽ ጨው ጨምራችሁ 10 ደቂቃ ማሞቅ ነው። ጣፋጭነቱን ግን መቆጣጠር አትችሉም፤ በለሱ ይበልጥ ያጣፍጠዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ወይም ጥሩ ኮምጣጤ የግድ ይላል።

## በለሱ

እውነተኛው ምርጫ ያለው እዚህ ነው። ክራንቤሪ ላይ ትኩሱም ፍሪዘር የገባውም አንድ ናቸው ብለናል። በለስ ላይ ግን ትኩሱና ደረቁ ሁለት የተለያዩ ሶሶች ይሠራሉ።

ደረቅ በለስ። ጣዕሙ የተጠራቀመ ነው። እንደ ካራሜል፣ አንዳንዴ እንደ ዘቢብ ያለ ጥልቀት አለው። ዓመቱን ሙሉ ይገኛል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ለወራት ይቆያል። የሶሱን ፈሳሽ ስለሚጠጣም ያወፍረዋል። ለዚህ ነው ከደረቅ በለስ ጋር ፈሳሹን ጨመር፣ ስኳሩን ቀነስ የምናደርገው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ለ340 ግራም ክራንቤሪ የተለመደው የስኳር መጠን 200 ግራም ነው። 150 ግራም ደረቅ በለስ በራሱ ወደ 70 ግራም ስኳር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ 120 ግራም ብትጨምሩ ይበቃል።

ጥቁሩ ወይስ ነጣ ያለው? ጥቁሩ ደረቅ በለስ፣ ሚሽን የሚባለው፣ አነስ ያለና ለስላሳ ነው። ሶሱን ያጠቁረዋል፣ ከቀይ ሥጋ ጥብስ ጋር የሚሄድ ክብደት ይሰጠዋል። ነጣ ያለው፣ የስምርና ዓይነቱ፣ ተለቅ ያለ ነው። ቆዳው ወፈር ይላል፣ ዘሩ ይንኮሻኮሻል፣ ጣዕሙ ወደ ማርና ለውዝ ይጠጋል። የክራንቤሪው ቀይ ቀለም እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ይህኛውን ይምረጥ። የእኔ ምርጫ ጥቁሩ ነው፤ ለቺዝም ለሥጋም ይሆናል።

ስትገዙ ጫን አድርጋችሁ እዩት። ጎበጥ ቀለስ የሚል መሆን አለበት፤ እንደ ድንጋይ የደረቀው ሰዓት ሙሉ ቢዘፈዘፍም ቆዳው አይላላም። ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ የወጣ የራሱ ስኳር ነው። የሻጋታ ሽታ ካለው ግን ይጣል። ነጣ ያለው በለስ ቀለሙን እንዲጠብቅ አንዳንዴ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይታከማል፤ አስም ያለበት ሰው ማሸጊያውን ያንብብ። ጫፉ ላይ ያለችው እንጨት መሰል ጭራ ብትበስልም ስለማትለሰልስ ቆርጣችሁ ጣሏት።

ትኩስ በለስ። ልብ የሚወስደው ይሄኛው ነው፤ አስቸጋሪውም ይሄው ነው። ከተለቀመ በኋላ አይበስልም፤ ያልበሰለ ከገዛችሁ ያልበሰለ ሆኖ ይቀራል። የበሰለው ለስላሳ ነው፣ አንገቱ ዘንበል ይላል፣ ቆዳው ትንሽ ቢሰነጠቅም ችግር የለውም። ሽታው ወደ ጠላ ወይም ወደ ኮምጣጤ ከሄደ አልፎበታል። ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አትመኑት።

አራት አምስተኛው ያህል ውሃ ስለሆነ ሶሱን ያቀጥነዋል። ስለዚህ ውሃውን በግማሽ ቀንሱ። አብሮ ከመጀመሪያው ከገባ ደግሞ ይፈርስና ይጠፋል፤ የቀረው ዘሩ ብቻ ይሆናል። አራት ቦታ ቆርጣችሁ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች አስገቡት። ያኔ ቁርጡ ቅርጹን ይዞ፣ ጫፉ ቀይ ነክሮ ይወጣል። ጣዕሙ ቀለል ያለ፣ አበባ አበባ የሚል ነው።

አንድ የወቅት ጣጣ አለ። የበለስ ወቅት በሰሜን አሜሪካ በጋ ሲያልቅ ይገባደዳል፤ ትኩስ ክራንቤሪ ደግሞ መከር ሲገባ ይጀምራል። ሁለቱ ትኩስ ሆነው የሚገናኙበት ጊዜ አጭር ነው። እሱን ከመጠበቅ ትኩስ በለስ ስታገኙ ፍሪዘር ከገባ ክራንቤሪ ጋር ሥሩት። ወይም በለሱን ቆርጣችሁ ፍሪዘር አስገቡት። ሲቀልጥ ይልፈሰፈሳል፤ ለሶስ ግን ይሆናል።

የበለስ ጃም። ቁርጥራጭ ለማይወድ፣ ለስላሳ ሶስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ፈጣን ነው፤ መዘፍዘፍም መክተፍም የለም። አብዛኛው ጃም ከግማሽ በላይ ስኳር ስለሆነ ለ340 ግራም ክራንቤሪ 150 ግራም ጃም ካስገባችሁ 100 ግራም ስኳር ይበቃል። ሶሱ በደንብ ይረጋል። የጎደለው ነገር የበለሱ ሥጋ ነው፤ አፍ ውስጥ የሚገኝ ነገር የለም።

## ማጣፈጫውና ፈሳሹ

ነጭ ስኳር የፍሬውን ጣዕም አይነካም፣ አረጋጉንም በደንብ ያግዛል። ቡናማ ስኳር ከጥቁር ደረቅ በለስ ጋር ይዋሃዳል፤ ትኩስ በለስን ግን ይጫነዋል። ማር ከስኳር ይበልጥ ያጣፍጣል፣ ውሃም አለው፤ 120 ግራም ስኳር ከሚለው ቦታ 90 ግራም ያህል ማር ይበቃል። ጣዕሙ ጎልቶ ስለሚወጣ ለስለስ ያለ ማር ምረጡ። ማር የገባበትን ሶስ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አትስጡ፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለውን፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣውን የባክቴሪያ ዘር የቤት ማብሰል አይገድለውም።

ካሎሪ የሌላቸው ማጣፈጫዎች ጣፋጭነቱን እንጂ የስኳሩን ሥራ አይሠሩም። ሶሱ ይላላል፣ ቶሎም ይበላሻል። ስኳር መቀነስ የምትፈልጉ ከሆነ የተሻለው መንገድ በለሱን መጨመር ነው።

ፈሳሹን በተመለከተ ውሃ ምንም ነውር የለበትም። የብርቱካን ጭማቂ ጥሩ ነው፤ ሲፈላ ግን መዓዛው ይተናል። መዓዛውን የሚሰጠው የተፋቀው ልጣጭ ነው፣ እሱም እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሲገባ። ከልጣጩ ሥር ያለውን ነጩን አትንኩት፣ ይመራል። ቀይ ወይን ከጥቁር በለስ ጋር ግሩም ነው፤ ቀድሞ ለብቻው ለአምስት ደቂቃ ይንተክተክ። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣ አልኮል ለማይነካ ሰው አታቅርቡት።

ቅመም ላይ ቁጥብ ሁኑ። አንድ የቀረፋ እንጨት ወይም ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ወይም አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል። ሁሉንም አንድ ላይ አይደለም። ለሥጋ ከሆነ ትንሽ የጥብስ ቅጠልና ቁንዶ በርበሬ። ጨው ግን አይቅር፤ አንድ ቁንጥጫ የበለሱን ጣዕም ታወጣዋለች።

## በምን እናብስለው?

ምድጃ ላይ፣ በድስት። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። እያያችሁት ስለሚወፍር የት ላይ ማቆም እንዳለባችሁ እናንተ ትወስናላችሁ። ለጀማሪም ለልምድ ላለውም የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። ድስቱ ስቴንለስ ወይም ያልተላጠ ኢናሜል ይሁን። ባዶ አሉሚኒየምና ያልተለበጠ የብረት ድስት ከአሲዱ ጋር ተጣልተው የብረት ጣዕም ይሰጡታል፣ ቀለሙንም ያበላሹታል።

ኦቨን ውስጥ። በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንዴ አማስሎ። ውሃ ብዙም ስለማይገባ ጣዕሙ ይጠራቀማል፣ ጠርዙ ካራሜል ይይዛል። ለትኩስ በለስ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ደረቅ በለስ ግን ካልራሰ ጫፉ ያርራል።

በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት። በከፍተኛው ሙቀት ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት። ክዳኑ እንፋሎቱን ስለሚይዘው ሶሱ ቀጭን ሆኖ ይወጣል፤ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ከፍታችሁ ተዉት። የሚጠቅመው ምድጃው በሌላ ነገር ሲያዝ ነው።

ፕሬዠር ኩከር። አልመክረውም። ክራንቤሪ ሲፈላ አረፋ ያወጣል፣ አረፋውም የእንፋሎት መውጫውን ሊደፍነው ይችላል። ብዙዎቹ አምራቾች በመመሪያቸው ክራንቤሪን በስም ጠቅሰው ያስጠነቅቃሉ።

ጥሬውን መፍጨት። ክራንቤሪ፣ የራሰ ደረቅ በለስ፣ ከነልጣጩ የተፈጨ ግማሽ ብርቱካንና ስኳር፤ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ። አይረጋም። ጣዕሙ ግን ስለታም፣ ትኩስ ነው። ቅባት ከበዛበት ምግብ ጎን ይስማማል።

## በአንድ እይታ

| ጥምረት | አረጋግ | ጣዕም | ስኳር / ፈሳሽ (ለ340 ግራም ክራንቤሪ) | ጊዜ | ፍሪጅ ውስጥ |
|---|---|---|---|---|---|
| ትኩስ ወይም ፍሪዘር የገባ ክራንቤሪ + 150 ግራም ደረቅ በለስ | በጣም ጥሩ | ጥልቅ፣ ሚዛኑን የጠበቀ | 120 ግራም / 300 ሚሊ ሊትር | 25 ደቂቃ | 10 ቀን |
| ትኩስ ወይም ፍሪዘር የገባ ክራንቤሪ + 250 ግራም ትኩስ በለስ | መካከለኛ | ቀላል፣ መዓዛው ጎልቶ | 150 ግራም / 120 ሚሊ ሊትር | 20 ደቂቃ | 1 ሳምንት |
| ትኩስ ወይም ፍሪዘር የገባ ክራንቤሪ + 150 ግራም የበለስ ጃም | በጣም ጥሩ | ጣፋጭ፣ ለስላሳ | 100 ግራም / 200 ሚሊ ሊትር | 15 ደቂቃ | 10 ቀን |
| የጣሳ ክራንቤሪ ሶስ + ደረቅ በለስ | ያለቀለት | በጣም ጣፋጭ፣ ሎሚ ይፈልጋል | አያስፈልግም | 10 ደቂቃ | 1 ሳምንት |
| ደረቅ ክራንቤሪ + በለስ + ፖም | ደካማ | ለስላሳ፣ ደብዛዛ | ስኳር የለም / እየታየ | 30 ደቂቃ | 1 ሳምንት |
| ጥሬ የተፈጨ | አይረጋም | ስለታም | 150 ግራም / የለም | 10 ደቂቃ + አንድ ሌሊት | ከ4 እስከ 5 ቀን |

## መነሻው አሠራር

ለማነጻጸር መነሻ ያስፈልጋል። የምመክረው የሰንጠረዡን የመጀመሪያ ረድፍ ነው። አንዴ ይህን ከሠራችሁ ሌላውን ሁሉ ከእሱ አንጻር ማስተካከል ይቀላል። ወደ 2 ኩባያ ተኩል ሶስ ይወጣዋል።

150 ግራም ደረቅ በለስ ጭራው ተቆርጦ በአራት በአራት ይከተፋል። 300 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ወይም ግማሹ ውሃ ግማሹ የብርቱካን ጭማቂ፣ ከቀረፋ እንጨት ጋር ይፈላል። በለሱ ይገባና በዝግታ ለ10 ደቂቃ ይንተከተካል። በጣት ሲጫኑት ለስለስ ማለት አለበት። ይህን ደረጃ አትዝለሉት። በለሱ ሳይርስ ክራንቤሪው ከገባ ሁለቱ እኩል አይደርሱም፤ በለሱን ስትጠብቁ ክራንቤሪው ከልክ በላይ ይበስላል።

ከዚያ 340 ግራም ክራንቤሪ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ ፍሬው መፈንዳት ይጀምራል፣ ድምፁም ይሰማል። ክዳኑን ገርበብ አድርጉት፣ ይረጫል። አብዛኛው ሲፈነዳ 120 ግራም ስኳርና አንድ ቁንጥጫ ጨው ጨምሩ። ስኳር ቀድሞ ሲገባ የፍሬው ቆዳ ጠንከር ይላል፤ ከፈነዳ በኋላ ሲገባ ለስላሳ ይሆናል። እያማሰላችሁ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ።

መቼ ይውረድ? ትኩስ እያለ ቀጠን ያለ መስሎ ሲታያችሁ። ፔክቲኑ የሚይዘው ሲቀዘቅዝ ነው። ድስት ውስጥ እንደምትፈልጉት እስኪወፍር ከጠበቃችሁ ፍሪጅ ውስጥ በቢላ የሚቆረጥ ይሆናል። ትንሽ ሰሃን ቀድማችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። አንድ ማንኪያ ሶስ ጠብ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ በጣት መሃሉ ላይ መስመር አስምሩ። መስመሩ ሳይገጥም ከቆየ ደርሷል። ከገጠመ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩ። ብዙ ከፈላ ፔክቲኑ ራሱ ይፈርሳል፣ ሶሱም ከመርጋት ይልቅ እንደ ከረሜላ ይጣበቃል።

ቀምሳችሁ አስተካክሉ፤ ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነቱ ትንሽ ስለሚደበዝዝ ትኩስ እያለ ጣፈጥ ያለ መስሎ ቢሰማችሁ አትደንግጡ። ወፍሮ ከሆነ በሙቅ ውሃ ማላላት ይቻላል።

## ማቆየት

ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ንጹሕ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሆኖ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪዘር ውስጥ እስከ ሦስት ወር ጥራቱን ይጠብቃል፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚያብጥ ዕቃውን እስከ አፉ አትሙሉት።

በቆርቆሮ ወይም በመስታወት አሽጎ ከፍሪጅ ውጭ ለወራት ማስቀመጥን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ክራንቤሪ ለብቻው አሲዱ ይበቃዋል። በለስ ግን አሲዱ ዝቅተኛ ስለሆነ ሲታሸግ ሎሚ እንዲጨመርበት የሚታዘዝ ፍሬ ነው። ሁለቱን እንደ ፍላጎታችሁ መጠን ስትቀላቅሉ የመጨረሻው አሲድ ስንት እንደሆነ በምላስ አይታወቅም። ለዚሁ የተፈተነ አሠራር ካልያዛችሁ በስተቀር ፍሪጅና ፍሪዘር ይበቃሉ።

## ለማን የቱ?

መጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው፦ ፍሪዘር የገባ ክራንቤሪ፣ ጥቁር ደረቅ በለስ፣ ነጭ ስኳር፣ ድስት። ስህተትን የሚችል ምርጫ ይህ ነው፤ ቢቀጥን ይፈላል፣ ቢወፍር ይላላል።

ወጪ መቆጠብ የሚፈልግ፦ በለሱን ወደ 80 ግራም ዝቅ አድርጎ አንድ የተከተፈ ፖም ይጨምር፣ ስኳሩን 150 ግራም ያድርገው። የተቆራረጠና የተጨፈለቀ ደረቅ በለስ ብዙ ጊዜ ለመታየት ከተደረደረው ይረክሳል፤ ድስት ውስጥ ደግሞ ልዩነት የለውም። ትኩስ በለስ ለዚህ ሰው አይሆንም።

ስኳር የሚቀንስ፦ በለሱን 200 ግራም፣ ስኳሩን 60 ግራም፣ ፈሳሹን 350 ሚሊ ሊትር። ጎምዛዛነቱ ይጨምራል፣ ትንሽም ይላላል። ጠቅላላው ስኳር ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ በለሱ ራሱ ስኳር ነውና የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ቆጥሮ ይብላ።

ለቺዝና ለዳቦ፦ ነጣ ያለ ደረቅ በለስ፣ ማር፣ የጥብስ ቅጠል። ወፈር አድርጉት፣ ቢላ ላይ እንዲቆም። ለጥብስ ሥጋ ከሆነ ጥቁር በለስ፣ ቡናማ ስኳር፣ ቁንዶ በርበሬና መጨረሻ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ባልሳሚክ ኮምጣጤ፤ ቀጠን ብሎ ሥጋው ላይ የሚፈስ ይሁን። ለእርጎና ለአጃ ገንፎ ትኩስ በለስ ወይም ጃም ያለበት ይበልጣል።

ልጆች ያሉበት ቤት የበለሱ ዘርና የክራንቤሪው ቆዳ ሊያስቸግር ይችላል። የጃሙን ዓይነት ሥሩ፣ ትኩስ እያለ በወንፊት አሳልፉት።

ብዙ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የደረቅ በለሱን ይሥራ። ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር በለሱ የክራንቤሪውን ቀለም ይጠጣል፣ ቀረፋውም ይረጋጋል፤ በሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይሻላል። መጠኑን እጥፍ ስታደርጉ ሰፊ ድስት ምረጡ፣ ፈሳሹን ግን ሙሉ እጥፍ አታድርጉት፤ 500 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የትኩስ በለሱ ዓይነት ግን በዚያው ቀን ይሠራ፣ ቁርጡ ሲያድር ይሟሟል።